ሸህ ይመር ፈቃድ የጠየቁ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ገርጂ ውስጥ ተረት የሚያቋርጠው አውሮፕላን ነበር። አያቴ ሸህ ይመር በመግሪብና በኢሻ ሶላት መካከል ካለችው አጭር ሰዓት አንዲት ደቂቃ ማባከን የማይወዱ ሰው ቢሆኑም፣ ከቦሌ የተነሳው አውሮፕላን የቆርቆሮ ጣሪያችንን እያንቀጠቀጠ ሲያልፍ ግን ንግግራቸውን ቆርጠው፣ አንድ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ይጠብቁ ነበር። ድምፁ ሲርቅ ጣታቸውን ያወርዱና «እህ፣ የት ደረስን?» ይላሉ። የት እንደደረስን መመለስ ያቃተው ልጅ የዚያን ዕለት ተረቱን አይጨርስም፤ ተነስቶ ወደ ቤቱ ነው። እሳቸው ዘንድ ተረት መስማት ቀልድ አልነበረም።

ያኔ ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ዓመት የቀራቸው ጊዜ ነው። ገርጂ ግማሹ ግንባታ፣ ግማሹ ማሳ ነበር፤ ከግቢያችን ጀርባ ጤፍ ይዘራል፣ ከፊታችን ደግሞ ድንጋይና አሸዋ ተቆልሎ ዓመት ሙሉ ባለቤቱን ይጠብቃል። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋ ስለነበር እናቴ ፋኖሱን ታበራና፣ ደጅ የተቀጣጠለውን ከሰል ጭሱ ከወጣለት በኋላ ከነማንደጃው ወደ ውስጥ ታስገባዋለች። እኔና የግቢው ልጆች በማንደጃው ዙሪያ እንቀመጣለን። የላምባው ሽታ፣ የፍሙ ሙቀት ፊት ላይ፣ ብርዱ ጀርባ ላይ፣ የአያቴ ጥላ ግድግዳው ላይ ከሳቸው ሦስት እጥፍ ገዝፎ፤ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን እንዳለ ይመጣልኛል።

አያቴ ከወሎ የመጡት ባለቤታቸው ከሞተች በኋላ ነው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የነበረው አባቴ «ብቻዎን አይኖሩም» ብሎ ሄዶ አመጣቸው። አገር ቤት ሳሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርአን ሲያስቀሩ፣ ልጆች ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኛ ቤት ሲመጡ ግን ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ኪታቡን ዘግተው ተረቱን ከፈቱ። ቁጡ ነበሩ። «አጃኢብ!» ብለው ከጀመሩ ነገር አለ ማለት ነው፣ እናቴ እንኳ ጓዳ ትገባለች። ቁጣቸው ግን አያድርም ነበር። አንዴ ብቻ አደረ፣ ምክንያቱ እኔ ነኝ።

እሳቸው ያደጉበት የቂርአት ቤት አንድ ሕግ አለው። ተማሪው ኪታቡን አንጠርጥሮ ቢያውቀው እንኳ መምህሩ «ፈቅጄልሃለሁ፣ አስተምር» ሳይሉት ለሌላ ሰው አያስተምርም። ይህ ፈቃድ ኢጃዛ ይባላል። አያቴ ታዲያ ይህን የኪታብ ሕግ አምጥተው ተረት ላይ ጫኑት። አባቴ አንድ ቀን «ኧረ አባዬ፣ ተረት እኮ ነው!» ቢላቸው «ተረትስ አማና፣ የሰው አደራ አይደለም? ባለቤት እንደሌለው ከብት ሜዳ ላይ ልለቀው ነው?» ብለው አፈጠጡበት፤ አባቴም ሳቁን ውጦ ወደ ሱቁ ሄደ።

ሥርዓታቸው ይህ ነበር። ተረት ሲጀምሩ በመጀመሪያ «ይህን የሰማሁት ከመምህሬ ነው፣ መምህሬ ከእናታቸው ሰሙት፣ እናታቸው ከአንድ ሲራራ ነጋዴ» እያሉ ያመጣጡን ይቆጥራሉ። ተረቱን መውሰድ የፈለገ ልጅ በሦስት የተለያዩ ምሽቶች መልሶ ለራሳቸው ይነግራቸዋል። አንዳች ሳይጥል፣ አንዳች ሳይጨምር ከተወጣው እጃቸውን አናቱ ላይ ጭነው «ይዘኸዋል፤ አውጣው» ይላሉ። እስከዚያ ድረስ ከዚያ ክፍል ውጭ አንዲት ቃል መተንፈስ የለም። የግቢው ልጆች ይህን ሁሉ ጣጣ ማን ይችላል ብለው መስማቱን ብቻ መረጡ። እኔ ግን የአስር ዓመት እልኸኛ ስለነበርኩ የሁለት ተረቶች ፈቃድ አግኝቼ ነበር፤ ሲያልፉ ሲያገድሙም «ማሻአላህ፣ ይቺን ልጅ» እያሉ አናቴን ዳሰስ ያደርጉኝ ነበር። በዚህ እንዴት እንደምኮራ!

ሦስተኛው የዳቦው ተረት ነው። አንዲት ሴት ልጇ ታሞባት «ከዳነልኝ ሰባት ዳቦ ጋግሬ በእግሬ ሸሁ ደጅ አደርሳለሁ» ብላ ተሳለች። ልጁ ዳነ። ሰባቱን ዳቦ በቅርጫት ተሸክማ የሦስት ቀን መንገድ ጀመረች። መንገድ ላይ አንካሳ ውሻ ተከተላት፤ አላስችል ብሏት አንዱን ሰጠችው። እንጨት የምትለቅም አራስ አገኘች፤ ለአራስማ ሁለት። መንገድ የጠፋበት መነኩሴ አገኘች፤ ጾሙን ሲፈታ የሚቀምሰው እንዲኖረው አንድ። ተጣልተው ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ወንድማማቾች አገኘች፤ እንዳይሻሙ ለየራሳቸው አንዳንድ። የመጨረሻውን፣ ዝናብ ሲመታት አብረዋት ዋሻ ለተጠለሉ መንገደኞች ቆራርሳ አደለች። ሸሁ ደጅ ስትደርስ ባዶ ቅርጫቷን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ፣ ከሰው ኋላ ተሸጉጣ ቆመች። ሸሁ ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጠሯትና «ነይ እንጂ፣ ምን ያስደብቅሻል? ዳቦሽ ቀድሞሽ ገብቷል፤ በልተነዋል» አሏት። አያቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ እኛም ትንፋሻችንን እንውጣለን።

በመጀመሪያው ምሽት ስነግራቸው የውሻውን አንካሳነት ዘለልኩት። «አንካሳ ነው! ጤነኛማ ቢሆን ሮጦ ሌላ ቦታ አይበላም?» ብለው መለሱኝ። በሁለተኛው መነኩሴውን ከአራሷ አስቀደምኩት። «ምን አስቸኮለሽ? ሰውየው ገና ጾሙን አልፈታም!» አሉኝ፤ ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። እንደገና ከአንድ መጀመር ነበረብኝ። ያኔ ነው እልሁ መንገድ ያሳተኝ።

በዚያ ሳምንት የአማርኛ አስተማሪያችን «ነገ በሚኒ ሚዲያ የራሱን ተረት የሚያነብ ማነው?» ሲሉ እጄ እኔን ሳያማክር ወጣ። «የራስሽ ነው?» አሉኝ። «አዎ ቲቸር» አልኩ፤ ምላሴ አልተደናቀፈም። በማግስቱ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ማይኩን ይዤ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተሰልፎ እያየኝ፣ «ድርሰት፣ በተማሪ ዘሀራ» ብዬ የዳቦውን ተረት አነበብኩ። ከመምህሬ የለ፣ ከእናታቸው የለ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ደግሞ ባዶ ቅርጫት ለሰልፍ የሚመጥን አልመስል አለኝና፣ ሸሁ የሴትዮዋን ቅርጫት በወርቅ ሞሉላት። ጭብጨባው ጉድ ነበር። አንድ እስክሪብቶም ተሸለምኩ።

ከሰልፉ መካከል አብዝታ ያጨበጨበችው ሌንሴ ናት። ሌንሴ የግቢያችን ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ ከወለጋ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው፣ እናቷ እትዬ ጫልቱ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበሩ። ሌንሴ አያቴ ዘንድ ማታ ማታ አትመጣም፣ በዚያ ሰዓት ቤታቸው ጸሎት አለ። ስለዚህ ተረቱን እውነት የኔ ነው ብላ አመነች፤ ከትምህርት ቤት ስንለቀቅም ከደስታዋ ብዛት ከኔ ቀድማ ሮጠች። እኔ ስደርስ አያቴ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ በራፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሌንሴ ፊታቸው ቆማ ተረቱን አንድ በአንድ እየነገረቻቸው ነበር።

«ወርቅ ሰጧት?» ሲሉ ሰማሁ።

«አዎ አባባ! ሙሉ ቅርጫት! ዘሀራ እኮ ደራሲ ሆነች!»

አያቴ ቀና ብለው አዩኝ። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት! «የሴትዮዋን ስለት ሸጥሽባት» ብቻ ብለው ወደ ሙስበሃቸው ተመለሱ።

የዚያን ዕለት ማታ ልጆቹ እንደልማዳቸው ተሰበሰቡ፣ ፋኖሱ ተለኮሰ፣ ማንደጃው ገባ። አያቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው «ተረት አልቋል። ባለቤቷ እዚያ ተቀምጣለች፣ ከሷ ስሙ» አሉ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሳምንቱም እንደዚያው። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ብጠይቅ «ተይኝ» አሉ። እናቴ «አባባ፣ ልጅ ናት፣ ይተዉላት» ብትላቸው «ልጅ በመሆኗ አይደል? ዛሬ ወርቅ የጨመረች ነገ ምን እንደምትጨምር ማን ያውቃል!» አሉ። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ቤታችን ውስጥ ከመግሪብ በኋላ የሚሰማው የከሰሉ ጠሽ ጠሽ ማለት ብቻ ሆነ።

ክረምቱ ሲገባ አያቴን ሳል ያዛቸው። እኔ ያኔ ፍርሃት ገባኝ፤ ፍርሃቱ ደግሞ ቁልጭ ያለ ነበር። አባቴ በልጅነቱ ወደ ንግድ ስለወጣ ካባቱ ተረቶች አንዱንም አያውቅም። ከሁለቱ በስተቀር እኔም ሙሉ አድርጌ የያዝኩት የለኝም። ምናልባት ሠላሳ፣ ምናልባት ከዚያ በላይ ተረት እሳቸው ደረት ውስጥ አለ፤ ደረታቸው ደግሞ ሌሊት ሌሊት እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ቢሞቱ ሁሉንም ይዘውት ይሄዳሉ፣ አፋቸውን ያዘጋሁትም እኔ ነኝ። ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ «ያ ረቢ፣ እስክሪብቶውን እመልሳለሁ» እያልኩ እለምን ነበር።

ሐኪም የሰባት ቀን መርፌ አዘዘላቸው። እትዬ ጫልቱ «ጤና ጣቢያ ድረስ ምን ያመላልሳችኋል፣ እኔው አለሁ አይደል?» ብለው ማታ ማታ ከሥራ መልስ እየመጡ ይወጓቸው ጀመር። ለካስ ያ ሁሉ ቁጣ መርፌ ሲያይ አብሮ የለም! አያቴ መድኃኒቱ ሲበጠበጥ ገና «ቢስሚላህ» ሦስት ጊዜ ይላሉ፤ በዚያ ላይ «ከክንዴ ሌላ አይታሰብም» ብለው ከመጀመሪያው ቀን ተዋውለዋል፤ እሱንም ቢሆን ድንጋይ አስመስለው ነው የሚሰጡት። እትዬ ጫልቱም «ኧረ አባባ፣ ጡንቻዎን ያላሉት፣ እኔ እኮ ከርስዎ ጋር ትግል አልገጠምኩም» ይሏቸዋል።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ፋኖሱን የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። እትዬ ጫልቱ የአያቴ ክንድ አልላላ ሲላቸው ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ለመውሰድ ብለው «ቆይ፣ ተረት ልንገርዎት። ይቺ ዘሀራ የደረሰችውን የዳቦ ተረት ሌንሴ ነግራኝ ጤና ጣቢያ ለበሽተኞቼ ስነግር ነው የከረምኩት» አሉ።

ፊቴ እንዳይታይ ፋኖሱን ወደ ጎን አዘነበልኩት። አያቴ አላዩኝም፣ ግድግዳውን ነው የሚያዩት። ዝም ብል ማንም ምንም አይለኝም ነበር። ግን አልቻልኩም። «እኔ አልደረስኩትም፣ እትዬ! የአባባ ነው። ሳይፈቅዱልኝ ሰርቄ ነው» አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

እትዬ ጫልቱ ግራ ገብቷቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ አያቴን አዩ። አያቴ ግን «ፋኖሱን አቅኚ» አሉኝ። ቀጥለውም «ንገሪን እስቲ፣ ልጄ» አሏቸው።

እትዬ ጫልቱ ነገሩን። አንካሳው ውሻ አለ። አራሷ አለች፣ መነኩሴው አለ፣ ወንድማማቾቹ አሉ፣ ሁሉም በየቦታው። ሸሁ ግን የሉም፣ ስለቱም የለም። የእሳቸው ሴትዮ ዳቦውን የጋገረችው ሩቅ አገር ታማ ለተኛች እናቷ ነው። ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ስትደርስ እናትየው ከመኝታዋ ሳትነሳ «ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?» ትላታለች። «ምንም፣ እማዬ፣ መንገድ ላይ አለቀብኝ» ትላለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ። እናትየውም «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ያበላሻቸው ሁሉ በዚህ ሲያልፉ ሰላም ብለውኛል። እኔ እኮ ጠግቤ ነው የጠበቅሁሽ» ትላታለች።

መርፌው ገብቶ ወጥቷል፤ አያቴ አላወቁትም።

«ወርቁስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጣልኩት አባባ፣ አልወደድኩትም። ለዳቦ ወርቅ ምን ያደርጋል?»

አያቴ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «እናትየዋንስ ማን አመጣት?»

እትዬ ጫልቱ ጥጡን ክንዳቸው ላይ ጫን አድርገው ያዙ። «እኔ ነኝ። እናቴ ወለጋ ታማ ሳለች አንዴ ሥራ፣ አንዴ ልጅ እያልኩ ስደርስ ቀብረዋት ነበር። እስቲ በተረት እንኳ ልድረስላት ብዬ ነው። ጌታ ያውቃል፣ ላበላሽብዎ አይደለም።»

አያቴ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳሉ ነው ብዬ ውኃ ላመጣ ነበር። «ለቂርአት ሰባት ዓመት ዞሬ ቤቴ ስመለስ እናቴ አልነበረችም» አሉ ከጋቢው ውስጥ። «ይህን ተረት አርባ ዓመት ተናገርኩት። እሷ ተረቱ ውስጥ እንደምትገባ አላወቅሁም።» ጋቢውን ገልጠው በቀዩ ዓይናቸው አዩዋቸውና «ልጄ፣ እንዳንቺ አድርጌ ብናገረው ትፈቅጅልኛለሽ?» አሉ።

እትዬ ጫልቱ ሳቃቸው መጣ። «የምን ፈቃድ አመጡ አባባ! ይንገሩት እንጂ!»

«እንዲህ አይደለም። ፈቅጃለሁ በይ።»

«እሺ፣ ፈቅጃለሁ። አሁን እጅጌዎን ያውርዱ፣ ብርድ ይመታዎታል።»

በሰባተኛው ቀን መርፌው አለቀ፤ በስምንተኛው ልጆቹን ጥሪያቸው አሉኝ። እየሮጥኩ በየቤቱ ያንኳኳሁትን አስታውሳለሁ፣ አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ያን ዕለት ሌንሴም እናቷን አስፈቅዳ መጣች። አያቴ ተረቱን በአዲሱ መጨረሻ ሲነግሩን፣ ሲጀምሩ «ይህን የሰማሁት ከጎረቤቴ ከጫልቱ ነው፣ እሷ ከልጇ ከሌንሴ፣ ሌንሴ ከዘሀራ» ብለው አመጣጡን ቆጠሩ። «ዘሀራስ ከማን?» አለ አንድ ነገረኛ ልጅ። «እሱን ለአላህ ትመልስ!» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳቁብኝ። ኋላ አንድ የመስጊድ ወዳጃቸው ይህን ሰምተው «ሸህ ይመር፣ ከጴንጤ ሴት ተረት ይወረሳል?» ቢሏቸው «ከአንድ ቧንቧ አይደል የምንቀዳው? ውሃዋን ጠጥቼ፣ መርፌዋን ተወግቼ፣ ተረቷን ልጸየፈው?» ብለው አፋቸውን አስያዟቸው።

ሦስቱ ምሽት ግን ቀረ። ማንም መልሶ እንዲነግራቸው አይጠይቁም፤ «ውሰዱት፣ ስትነግሩ ብቻ ከማን እንደሰማችሁ አትደብቁ» ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ነገሩ ከነከነኝ። ሌላው ልጅ ሁሉ ያለፈቃድ ሲናገር እኔ የዚያን የዳቦውን ፈቃድ በወጉ፣ እጃቸው አናቴ ላይ ተጭኖ ካላገኘሁ የተማርኩ አልመስል አለኝ። አንድ ማታ ሁሉም ከወጣ በኋላ አጠገባቸው ተንበርክኬ «አባባ፣ ኢጃዛዬን መቼ ነው የሚሰጡኝ?» አልኳቸው።

ፍሙ ሊከስም አመድ ለብሷል። «አንዴ የወሰድሽውን ምን ብዬ ልፍቀድልሽ?» አሉ ቀስ ብለው። «ይልቅ አንቺ አውፍ በይኝ። የኔ መስሎኝ ነበር። ልጆች ደጄ ተሰብስበው ሁለት ወር ሙሉ ከለከልኩ።»

በእኛ ቤት «አውፍ በሉኝ» ተብሎ ይቅርታ የሚጠየቀው ሐጅ ሲኬድ ወይም ሞት ሲቃረብ ነው፤ ለትልቅ ሰው ነው የሚባለው። ለልጅ ሲባል ሰምቼ አላውቅም፣ ምን እንደሚመለስ ጠፋኝ። እሳቸው ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ተማሪ ይጠብቁኝ ነበር። «በይ እንጂ» አሉኝ። «አውፍ ብያለሁ፣ አባባ» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ትንኝ ቀጥኖ። «አልሃምዱሊላህ» ብለው ለኢሻ ተነሱ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ ሠላሳ ስምንት ተረት ተቀበልኳቸው። ዛሬ የምኖረው የካ አባዶ ነው፤ የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራው ላይ አዲስ ሰው ሲመጣ የሥራ ዘዴያቸውን የጻፉበትን ማስታወሻ ደብተር ወደ መሳቢያ የሚከቱ አዋቂዎች ብዙ አይቻለሁ፤ አልዋሽም፣ ሃያ ዓመት ለፍቼ ያገኘሁትን በአንድ ቀን ሊወስዱት ነው ብዬ የኔም እጅ ወደ መሳቢያው የሄደበት ቀን አለ። ያን ጊዜ ሠላሳ ስምንቱ ተረት ሁሉ ይጠፋኝና የሚመጣልኝ ያ የቀጠነ ድምፄና የሚጠብቁኝ ሽማግሌ ናቸው። አንድ የተከበሩ መምህር፣ ከሰው ሁሉ ፊት ሳይሆን ከኔ ከሌባቸው ፊት፣ ተሳስቼ ነበር አሉ፤ እስክመልስላቸውም ጠበቁኝ። ደብተሩን አወጣለሁ፣ ወንበር እስባለሁ፣ «ነይ፣ ቅጂው» እላታለሁ አዲስ የመጣችውን ልጅ።